የተዋጠችው ፊደል

ዓይናዲስና ታናሽ ወንድሟ አንዷለም ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ግቢ እየኖሩ ቃል የሚለዋወጡት ሲጣሉ ብቻ ነበር። የጠባቸው መነሻ ግቢው መካከል የቆመው ዋንዛ ነው። ዋንዛውን የተከሉት አባታቸው መሪጌታ አድማሴ ናቸው። ከዲማ መጥተው ቤቱን የሠሩ ጊዜ ተክለውት፣ እስኪሞቱ ድረስ ተማሪዎቻቸውን ቅኔ ያስቆጥሩ የነበረው ከሥሩ ተቀምጠው ነው። እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያትም ፀሐይ ሲበረታ ጥጣቸውን ይዘው የሚወጡት ወደዚያው ነበር። አንዷለም ደግሞ በመንገዱ በኩል ዘፈንና ፊልም እየቀዳ የሚሸጥባት ሱቅ አለችው። ሱቋን ወደ ኋላ ሊያሰፋ ሲነሳ ዋንዛው ተጋረጠበት።

«ይቆረጣል!» አለ አንዷለም።

«እኔ በቁሜ እያለሁ?» አለች ዓይናዲስ።

ሲጯጯሁ መሰንበታቸው እናታቸውን ሲሰለቻቸው፣ «ገብረ ኪዳን ይወስን» አሉ። ገብረ ኪዳን የሁሉም ታላቅ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ዓመታት ቢያልፉም፣ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ቤት የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው።

ከእሱ ጋር የሚገናኙት በኢንተርኔት ስልክ ነበር። ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ገዝቶ አንዱን ለራሱ አስቀርቶ ሌላውን በሰው ልኮላቸዋል። ሳጥኑ በአንድ ጎኑ ከኢንተርኔቱ ሞደም፣ በሌላ ጎኑ ከተራው የቤት ስልክ ጋር ይያያዛል። ከዚያ እንደልብ ማውራት ነው፤ ማውራት ከተባለ። ድምፁ ይበጣጠሳል፤ ቃሉ ግማሹ መጥቶ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

ያን ዕለት ሦስቱም ስልኩን ከበው ተቀመጡ። ዓይናዲስ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው።

«ሎ! ምዬ! ደህና ናችሁ?» አለ ገብረ ኪዳን ከወዲያ።

አንዷለም ሰላምታው እንኳ እስኪያልቅ አልጠበቀም። «ጋሼ፣ ስለ ዋንዛው ምን ትላለህ? ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ?»

መስመሩ ጸጥ አለ። ከዚያ ድምፁ ቆጣ ብሎ መጣ፤ «ይቆረጥ!» ቀጥሎ የተናገረው ተፈረካከሰ፤ «...ባታችን...» የምትል ቁራጭ ብቻ ተሰማች።

«እስቲ ደግመህ ጠይቀው» አሉ እናቱ።

«ስንቴ ይናገር እምዬ? ሁላችሁም ሰምታችኋል!» አለና አንዷለም ስልኩን ዘጋው።

በማግሥቱ መጥረቢያ የያዙ ሰዎች ግቢውን ሞሉት። ዋንዛው ሲወድቅ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት በራቸውን ዘግተው ውስጥ ነበሩ። ዓይናዲስ ግን ደጃፉ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አየች። የሚገርመው ከአንዷለም ይልቅ የጠላችው ገብረ ኪዳንን ነው። አንዷለምማ ድሮም አንዷለም ነው። የአባቱን ወንበር የወረሰው ሰው በሩቅ አገር ተቀምጦ በአንድ ቃል ዋንዛውን ሲያስጥለው ግን አንጀቷ ቆሰለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ሲጮኽ ተነስታ ትወጣ ጀመር።

እናቷ ብቻቸውን እየጮኹ፣ የሚመጣው እየተቆራረጠባቸው፣ «ልጄ አልሰማህም፣ አልሰማህም» ሲሉ ከረሙ፤ የዋንዛው ወሬም ሳይነሳ ቀረ። በመጨረሻ፣ «አንቺ አታናግሪው፤ እኔን ግን አሰሚኝ» አሏት።

ዓይናዲስ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። የሳጥኑን መመሪያ አውጥታ ገመዶቹን እየነቀለች ሰካች፣ የስልኩን ሽቦ ቀየረች፤ ለውጥ የለም። ቆይታ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። አንዷለም ሱቁን ዘግቶ ክርስትና በሄደበት እሑድ ድምፁ ሳይበጣጠስ መጣ። ከሞደሙ ኋላ የሚወጣውን አንዱን ገመድ ተከትላ ብትሄድ በመስኮት አልፎ ሱቁ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። አንዷለም ቀኑን ሙሉ ፊልም ያወርድበታል፤ ለስልኩ የሚተርፍ መስመር አልነበረም።

«ጋሼ ሲደውል እንኳ ማውረዱን አቁም» አለችው።

«መስመሩ በስሜ ነው። ካልተመቻችሁ አትደውሉ!»

በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩ ሲጮኽ አላስፈቀደችውም። ገመዱን ከሞደሙ ነቀለችው። የገብረ ኪዳን ድምፅ ጠራ። ቢሆንም ዝም ብሎ ቆይቶ ንግግር በጀመረ ቁጥር መጀመሪያዋ ትጎድላለች።

«እያረፍክ ቁጠር» አለችው ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ።

«ንድ... ለት... ስት...»

መመሪያውን ገለበጠች። ተናጋሪው ዝም ሲል ሳጥኑም መላክ ያቆማል፤ ሰውየው እንደገና ሲጀምር ሳጥኑ እስኪነቃ የመጀመሪያዋ ድምፅ ትዋጣለች ይላል። ጉድለቱ የእሱ ሳጥን ላይ ነበርና የቱን ማስተካከያ መዝጋት እንዳለበት እያነበበች ነገረችው።

«አንድ... ሁለት... ሦስት...» ሙሉ ሆኖ መጣ።

ዓይናዲስ ደስ ሊላት ሲገባ ያቺ «ይቆረጥ!» የምትል ቃል ትዝ አለቻት። ይኼን ጊዜ አንዷለም በሩን በርግዶ ገባ።

«ገመዴን ማን ነው የነቀለው?»

«ጋሼ፣ ያኔ ስለ ዋንዛው ምን ነበር ያልከው?» አለች ወደ ስልኩ።

«አይቆረጥ ነዋ! አባታችን የተከለው እንዴት ተደርጎ ይቆረጣል? ምነው? ቆረጣችሁት እንዴ?»

ዓይናዲስ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ሰማህ?»

«ያኔም ሰምቻለሁ» አለ አንዷለም። ድምፁ ውስጥ እፍረት አልነበረም። «‹ሎ› ሲል ‹ሃሎ› ማለቱ እንደሆነ ስናውቅ አልከረምንም? ‹ምዬ› ሲል ‹እምዬ›? ሱቄ ሊሰፋልኝ ነው፤ ለምን ብዬ አቃናዋለሁ? የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺስ የት ነበርሽ?»

ዓይናዲስ ጥፊ ለመስጠት እጇን አንስታ ነበር፤ እናቷ ያዙት።

«ተዪው» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት። ልጃቸውን ግን አላዩትም። ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ «ገብረ ኪዳን፣ ወድቋል ልጄ። አንተ አይደለህም» አሉት። ከወዲያ ለቅሶ ተሰማ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዴም ሳይቆራረጥ።

አንዷለም በዚያው ሳምንት ሞደሙን ነቅሎ ሱቁ ውስጥ አስቀመጠው። ዓይናዲስ በራሷ ስም መስመር ለማስገባት አመለከተች፤ እስኪደርሳት ገብረ ኪዳን በእጅ ስልኳ፣ ሂሳቡ ውድ ስለሆነ፣ አጠር አጠር እያደረገ ይደውላል። አንዷለምን አናግረው ብትለው አሻፈረኝ አለ።

ሱቁ ሰፋ፤ የብሎኬቱ ጀርባ ዋንዛው የነበረበትን ይዞ ቆመ። ከአንዷለም ቤት ምሳ ሲመጣ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት «ጠግቤያለሁ» እያሉ ይመልሳሉ። ጥጣቸውን የሚፈትሉት አሁን ቤት ውስጥ ነው።