በሬዋ

አጵሎስን የሰደበው መምህር ዋለ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ጥር 16፣ 1992 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፤ ቦታው ሀቢቾ፣ ስምንተኛ ክፍል፣ ስድሳ ተማሪ ፊት። ቀድሞ የሳቀው ደግሞ መልካሙ ነው። ይኸው ሃያ አምስት ዓመት አለፈና፣ ሆሳዕና ከተማ በመምህሩ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ያው መልካሙ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል።

«በሬዋ! መጣሽ?» አለው አፉን በጋቢው ከልሎ። «ደራሲ ከሆንሽ ወዲህ ለቅሶ የምትደርሺ አልመሰለኝም ነበር።»

«ሟቹን አክብር።»

«እኔማ አክብሬ ቀብርም ቆሜአለሁ። አንቺ የት ነበርሽ?»

አጵሎስ ቀብር አልቆመም። በሦስተኛው ቀን የመጣውም ሊያጽናና ሳይሆን ሊያጣራ ነው። ከፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ የመምህሩ ፎቶ ቆሟል፤ ስኳር ዓይኑን ሳያጠፋው የተነሳው ነው። አጵሎስ ሰው ፊት አንቱ ይለው ነበር። በልቡ ግን ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ አንተ እንዳለው ነው።

የዚያን ዕለት ድርሰት ጻፉ ተባሉ። አጵሎስ በሀዲይኛ አስቦ በአማርኛ ጻፈ፦ «አባቴ በሬዋን ሸጠች፤ እኔም አለቀስኩ።» መምህሩ ደብተሩን ከፍ አድርጎ አነበበውና፣ «አባትህ ሸጠች? አባትህ ሴት ናት? በሬስ በሬዋ ይባላል? አንተ ልጅ፣ በአማርኛ እንጀራ አትበላም፤ ሂድና ከበሬዋ ጋር እረስ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አጵሎስ በዚያው ሳምንት ትምህርቱን ተወ። የሚያርስበት በሬ ስላልነበረ ወፍጮ ቤት ገባ።

በአማርኛ ግን ጻፈ። ሞተሩ እየጮኸ፣ ዱቄት የለበሰው ስልኩ ላይ፣ «የወፍጮ ቤት ወሬ» በሚለው የፌስቡክ ገጹ ላይ ጻፈ። ከቦኖሻም፣ ከአንጋጫም፣ ከአረብ አገርም አሥራ አንድ ሺህ ሰው ይከተለዋል። መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ርዕሱን እንኳ ያወጡለት አንባቢዎቹ ናቸው። ለእያንዳንዱ ኮሜንት በስም ይመልሳል። ለአንጋጫዋ እታለም «አሜን እህቴ» ይላል፤ ሊሳለቅበት ለመጣ እንኳ «ተባረክ» ብሎ ያልፋል።

ለአንዱ ብቻ መልሶ አያውቅም። ፎቶ የለውም፤ ስሙ «በሬዋ» ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከየጽሑፉ ሥር እየመጣ አንዲት ነገር ጥሎ ይሄዳል፦ «‹ዝናቡ መጣች› አይባልም።» «‹አስተማሪ› በአልፋው ‹አ› ነው።» ሰውም ከሥሩ የሳቅ ምልክት ይደረድራል። «በሬዋ» የምትለዋን ቃል ከዚያ ክፍል ሰው በቀር ማን ያውቃታል? ወይ መምህሩ ነው፣ ወይ መልካሙ። መጽሐፉ የወጣ ዕለት ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ ሲል፣ ያ ሰው «ገጽ አርባ ሁለትን አይተናል» ብሎ ጻፈ። እንደ ዛቻ ነበር የሚመስለው። አጵሎስ ያን ቀን ብሎክ አደረገው። በወሩ መምህሩ ሞተ።

«ምን ታያለሽ ስልክሽን?» አለ መልካሙ። «ለቅሷችንንም ልትጽፊው ነው?»

«ሰዓት ነው የማየው።»

ስልኩን በጋቢው ውስጥ ደበቀ። የ«በሬዋ»ን ብሎክ አነሳ። «ማነህ አንተ?» ብሎ ጻፈና ላከ። ከዚያ የመልካሙን ኪስ ያይ ጀመር። የሚጮህ ከሆነ እዚሁ ድንኳን ውስጥ አንቆ ሊይዘው ነው፤ ዝም ካለ ግን «በሬዋ» ከመምህሩ ጋር ተቀብሯል።

የመልካሙ ኪስ ዝም አለ። በሴቶቹ በኩል፣ ከመምህሩ ባለቤት ከእትዬ አስናቀች ጎን፣ «ጢን» የሚል ድምፅ ተሰማ።

የመምህሩ ልጅ ሐዳሳ ከነጠላዋ ሥር ስልክ አወጣች። አነበበች። ቀና ብላ ወንዶቹን አንድ በአንድ አየችና አጵሎስ ላይ ስትደርስ ቆመች። ተነስታ ወጣች፤ በዓይኗም ጠራችው።

ከድንኳኑ ጀርባ፣ እንሰቱ ጥግ ቆማ አገኛት።

«አንቺ ነሽ?» አላት ገና ሳይደርስ። «እኔ ምን አደረግኩሽ? አባትሽ የጀመረውን ልትጨርሺ ነው?»

«ጣቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ አጵሎስ። ቃሉ የአባዬ ነው። ዓይኑ ከጠፋ ጀምሮ ማታ ማታ ያንተን ጽሑፍ አነብለታለሁ። የምጽፈውን እሱ ይነግረኛል።»

«እንዲሳቅብኝ?»

«እንዲታረምልህ ነዋ! ገጹን በስምህ እንክፈት ስለው፣ ‹በዋለ ስም ከመጣሁ አያነበኝም፤ በሬዋ ካልኩ ግን ማን እንደሆንኩ ያውቃል› አለኝ።»

አጵሎስ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደረቅ ነበር። «ሰው ሲሞት ደግ የማይሆን የለም። ይህን ለቀስተኛ ሁሉ ይለዋል።»

ሐዳሳ ስልኳን ሰጠችው። ከእሱ መልእክት በላይ አንድ የድምፅ መልእክት አለ፤ ቀኑ እሱ ብሎክ ካደረገ በማግስቱ ነው። ጎኑ ላይ ቀይ ምልክት አለ፦ አልተላከም ይላል። አጵሎስ ያን ቀይ ያውቀዋል፤ ደብተሩ ላይ ነበር። ነካው።

«አጵሎስ…» አለ የሽማግሌ ድምፅ። «ገጽ አርባ ሁለትን ሐዳሳ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ‹አባቴ በሬውን ሸጠ› ብለሃል። ለምን ቀየርካት? በሬዋ ነበረች'ኮ። ሰው የሚሳሳለትን በሴት ይጠራል፤ ወንድ ልጁን እንኳ ‹አንቺ› ይላል። ይህን ያኔም ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ የክፍሉ ሳቅ ጣፍጦኝ ነው።» ሽማግሌው ሳለና ቀጠለ። «‹አባቴ ሸጠች› ያልካት ግን እስከ ዛሬ ስህተት ናት።»

ድምፁ ቆመ። ድንኳኑ ውስጥ መዝሙር ተጀመረ።

ስድቡ በስድሳ ሰው ፊት፣ ይቅርታው በጓዳ፣ ብሎ አሰበ አጵሎስ። አሰበና ንዴቱን ፈለገው፤ የወትሮው ቦታ ላይ አጣው።

«በየቀኑ ‹መለሰ?› ይለኝ ነበር» አለች ሐዳሳ። «‹ገና ነው› እለዋለሁ። ለሰው ሁሉ ስትመልስ እያነበብኩለት፣ ለአባዬ ስትደርስ ‹ገና ነው›። በአራት ዓመት የላክህለት ይህቺን ብቻ ነው፤ ‹ማነህ አንተ?›። ጋሼ፣ ምነው አንዲት ቃል ብትመልስለት?»

አጵሎስ ስልኩ ላይ ዱቄት ያረፈ ይመስል መስታወቱን በጋቢው ጫፍ ወለወለው። ከዚያ በሁለት እጁ ያዘና፣ ደብተር እንደሚያስረክብ ተማሪ ጎንበስ ብሎ ሰጣት።

በድንኳኑ በር በኩል ሲያልፍ ፎቶው ውስጥ መምህር ዋለ ወደ እሱ ያዩ ነበር።

«በሬዋ!» አለ መልካሙ ከውስጥ። «ወዴት ነሽ?»

አጵሎስ መንገዱን ይዞ ሄደ።