እትዬ ሸምሲያ የሞቱበት ሳምንት

ኢምፔሪያል አካባቢ፣ ከጫማ መሸጫው በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በአንድ ከሰዓት ስንት እናት እንደተገደለ ጉዲሳ መቁጠር ትቷል። አስገዳዩ እዝራ ነው፤ ለሕክምና ኮሌጅ ቃለ መጠይቅ የሚያሠለጥን፣ ራሱ ግን መርፌ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ሰውዬ።

«ለምን ሐኪም መሆን ፈለጋችሁ ሲሏችሁ ሕዝቤን ለማገልገል እንዳትሉ፤ እሱ አርጅቷል። ሰው ይሙትባችሁ! እናት ብትሆን ይመረጣል። መጀመሪያ ዝም፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ እንባ። ገባችሁ?»

በክራቫት የታነቁት፣ በየሰፈራቸው ከአሁኑ «ዶክተር» የሚባሉት ልጆች አጎንብሰው «ትንፋሽ» ብለው ጻፉ። ተረኛ ሐኪም ሌሊቱን እንዴት እንደሚያነጋው የጠየቀ አንድም አልነበረም።

ሙኽታር ተነሳ። አያት ኮንዶሚኒየም የጉዲሳ ጎረቤት ነው። እናቱ እትዬ ሸምሲያ ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ድምፃቸው ከአውቶቡስ ረዳቶቹ ይበልጣል።

«እናቴ ሸምሲያ...» አለና አንገቱን ደፋ። «አምቡላንሱ ዘገየና...»

ስልኩ ጮኸ። «እማዬ» ይላል።

«ሬሳዋ ናት የደወለችው፤ አንሳላት!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ስልክ አጥፉ» አለ እዝራ ሳይስቅ። «ታሪኩ ግን ቆንጆ ነው። አንተስ ጉዲሳ?»

ጉዲሳ መናገር አልፈለገም ነበር፤ ተናገረ። የእሱ እናት ደሪቱ የምር ሞታለች፤ ካቻምና። እንቅልፍ ካየ የሰነበተ አንድ ወጣት ሐኪም አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ምን እንደገደላት አላውቅም። ሞከርኩ፤ ላገኘው አልቻልኩም» አላቸው። ዘመድ ሁሉ ተቆጣ። ጉዲሳ ግን እንደዚያ የሚናገር ሰው ሰምቶ አያውቅም። ሐኪም መሆን ያማረው ያን ዕለት ነው፤ አላውቅም ብሎ፣ ፊትን ታጥቦ፣ ወደሚቀጥለው አልጋ መሄድ።

እዝራ አፍንጫውን አከከ። «ደካማ ነው ብራዘር። ሐኪም አላውቅም ይላል እንዴ? ማንንም አያስለቅስም። ባይሆን ካንሰር አድርግላት።»

በቃለ መጠይቁ ዕለት ጉዲሳ ፊት ሦስት ሐኪሞች ተቀምጠዋል። መሐል ያሉት ሴትዮ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያሻሉ።

«ለምን ሐኪም መሆን ፈለግክ?» አሉና መልሱን ሳይጠብቁ፣ «እናትህ ሞታ ነው፣ አይደል?»

ሁለቱ ፈገግ አሉ።

ጉዲሳ እውነቱን ሊናገር ነበር። ግን ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ወንበር ላይ የተገደሉት እናቶች ሁሉ ተደርድረው ተጋድመው ታዩት። ደሪቱን እነሱ መሐል ሊጥላት አልሆነለትም።

«አይ» አለ። «እናቴ ደህና ናት።»

«ታዲያ?»

ታዲያማ «አላውቅም» ያለው የዚያ ሐኪም ነገር ያለ ደሪቱ አይወራም። «ሥራውን እችለዋለሁ ብዬ ነው» አለ። ለራሱም ባዶ ሆነበት። ሴትዮዋ ወደ በሩ አዩ። «የሚቀጥለውን ጥራልን።»

ቀጥሎ የገባው ሙኽታር ዓይኑ ቀልቶ፣ እየሳቀ ወጣ። «ቀበርኳት በቃ! አንደኛው ዶክተር ሶፍት ሰጠኝ ስልህ!»

ዓርብ ውጤቱ ቴሌግራም ላይ ተለጠፈ። ሙኽታር አለበት፤ ጉዲሳ የለበትም።

ቅዳሜ ሟቿ ደገሱ። ጎረቤቱ የደም ግፊት ወረቀቱን ይዞ «ዶክተር ሙኽታር፣ እስቲ እያት» ይላል፤ ሙኽታርም ቅንድቡን ቋጥሮ ያያል። እትዬ ሸምሲያ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ ካሠሩት ምስር ወጥ ለጉዲሳ ጨመሩለት። የደሪቱን ለቅሶ አብረውት የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ።

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ ለከርሞ ትሞክራለህ። ግን እስቲ ንገረኝ፤ ይሄ ልጄ ምን ብሎ ነው የረታቸው? ለእኔ እንደሆነ አይነግረኝም።»

ሙኽታር ጉርሻው አፉ ጋ ሲደርስ አቆመው።

«ስለ እርስዎ ነው የነገራቸው» አለ ጉዲሳ።

«ስለ እኔ? ወላሂ በል!» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ምን አለ? ምን አለ በአላህ?»

ጉዲሳ እጁን ጠረገ።

«እሱ ራሱ ይንገርዎ እንጂ፣ እትዬ። መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይተነፍሳል። ሲያወራው ያምርበታል።»