ካሜራው የወጣበት በር

የካሜራው ቦርሳ ዚፑን ወደ ግድግዳ አዙሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ልጅቷ ከፍታ ለማውጣት እንዲመቻት ዚፑን ሁልጊዜ ወደ ሰው ነው የምታዞረው። እናት ይህን አይታለች። አይታም አቧራውን በጨርቅ ጠርጋ፣ "ዛሬ ደግሞ ምን ነካት" ብላ አልፋለች። በሁሉ ነገር ክፉ ክፉው የሚታያት ሴት፣ ለዚህ ለአንዱ ግን ምንም አልመጣላትም። ልጅቷ ከፎቶ ማሳተሚያ ቤት ተመልሳ ቦርሳውን ብድግ ስታደርገው እንደ ባዶ ካርቶን ቀለላት።

ዚፑን ከፈተችው፤ ባዶ ነበር።

ሌባው የገባው እናት ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ነው። በበሩ ገብቶ፣ ካሜራውንና ትልቁን ሌንስ ይዞ፣ ቦርሳውን እንደነበረ አስመስሎ መልሶ በበሩ ወጣ። በሩ አልተቆለፈም ነበር። ልጅቷ ውጭ ካለች በዚህ ቤት በር አይቆለፍም፤ የእናት ሕግ ነው። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። "የእሜቴ ምናልባት ነገር" ይላል የእናት ታናሽ ወንድም፣ የልጅቷ አጎት፤ ስሙን ያወጣላትም እሱ ነው።

ልጅቷ የሠርግ ፎቶ አንሺ ናት፤ ካሜራው እንጀራዋ ነው። ቅዳሜ ሙሽሮች ይጠብቋታል። ወደገዛችበት ሱቅ ስትደውል፣ "ዋስትናችን ለብልሽት ነው እህቴ፤ ሌባን አይጨምርም" አሏት። የቀራት ኢንሹራንሱ ነበር። ውሉን አልጋ ላይ ዘርግታ ጮክ ብላ አነበበችው። ስርቆት የሚካሰው በር ወይም መስኮት ተሰብሮ ከተገባ ብቻ ነው።

"ታዲያ ይሰበራላ" አለ አጎት።

"ምኑ?"

"በሩ ነዋ። ካቻቪቴ ካለኝ ምን ችግር አለ?"

"አጎቴ፣ ተው እንጂ።"

"አንቺ ዝም በይ። ብሩን ሲቀበሉሽ ይቺን መስመር አንብበውልሽ ነበር?"

እናት ተው አላለችውም፤ አድርግም አላለችውም። በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ቆማ ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰማች። ሳል ሳል አለች። ድምፁ አልቆመም።

ከኢንሹራንሱ የተላከው ሰውዬ ረፋዱ ላይ መጣ። ሻይ ይቅርብኝ አለ፤ እናት ይህንኑ እንደ መጥፎ ምልክት ቆጠረችው። መስኮቶቹን አየ፣ ጓሮውን አየ፣ ከዚያ በሩ ሥር ቁጢጥ አለ። ቁልፉ ዙሪያ ያለውን ጭረት በአውራ ጣቱ ዳበሰው። መሬት ላይ ከወደቀው የቀለም ፍቅፋቂ አንዷን አንስቶ አያትና ጣላት። እናት ዛሬ ደጁን አለመጥረጓ ትዝ አላት።

"እናቴ፣ ሌባው የገባው በዚህ ነው?" አለ ሰውዬው።

"ታዲያ በየት ይግባ፣ በጣሪያ?" አለ አጎት።

"እሳቸውን ነው የጠየቅኩት።" ወደ እናት ዞረ። "እርስዎ የሚሉኝን እጽፋለሁ፣ ልጅዎ ትፈርማለች።"

ትፈርማለች ሲል ልጅቷ ዳኛ ፊት ቆማ ለእናት ታየቻት። ቀጥሎ የብረት በር፣ ቀጥሎ ራሷ በፌስታል ምግብ ይዛ ሰልፍ ላይ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አየችው። ልጅቷን ቀና ብላ ስታያት ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች።

"ክፍት ነበር ልጄ" አለች እናት። "እኔ ነኝ የተውኩት። ይሄንን ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ነው የቧጠጠው።"

አጎት ያንኑ ጣሪያ ቀና ብሎ አየ። ሰውዬው ብዕሩን ከደነ።

"ጭረቱን አልጽፈውም" አለ በመጨረሻ። "ስለ ክፍት በር ግን ድርጅቱ አይክስም። አዝናለሁ።"

ሰውዬው ሲወጣ አጎት ካቻቪቴውን ኪሱ ከቶ፣ "እውነት ተናግረሽ ብሩን አስቀረሽባት" ብሎ ተከተለው። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ለእናቷ ቃል አልተነፈሰችም። አመሻሽ ላይ አንድ የሙያ ጓደኛዋ አሮጌ ካሜራውን ሊያውሳት እሺ አለ። ልታመጣ ስትወጣ ደፉ ላይ ቆመች።

"እማ፣ ለምንድን ነው የማትቆልፊው?"

"ሰው እያባረረሽ ብትመጪስ? ቁልፍ ስትፈልጊ፣ ስታንኳኪ ቢደርስብሽስ?"

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። "ይሄን ሁሉ ዓመት ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ነው።"

"አሁንም ተናድጃለሁ" አለች ልጅቷ፤ ድምጿ ግን ለስልሷል። "መታጠፊያው ጋ ስደርስ እደውልልሻለሁ። ያኔ ትከፍቺያለሽ። አሁን ቆልፊ፤ ሳልሰማ አልሄድም።"

እናት ታግላ ቆለፈች። እርምጃው ራቀ። ወንበር ስባ አልተቀመጠችም፤ አንድ እጇን ቁልፉ ላይ፣ ስልኩን በሌላው ይዛ እዚያው ቆመች። ውጭ መኪና ባለፈ ቁጥር አንድ አደጋ ታያት። አንዴ ቁልፉን ግማሽ ድረስ አዞረችው፤ መለሰችው።

ስልኩ ጠራ። ከፈተች። ልጅቷ አልሮጠችም፤ ካሜራውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቀስ ብላ ገባች። ቦርሳው ውስጥ ከተተችና ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣ ዚፑን ወደ ሰው አዙራ። እናት ቁልፉን ብታዞር አልዞር አለ፤ የወንድሟ ሥራ ነው።

"ምናልባት ተበላሽቶ ይሆናል" አለች።

"ምናልባት" አለች ልጅቷ፣ ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ። መጥታ በሩን በትከሻዋ ገፋችው፤ እናት እንደገና አዞረች፤ ተቆለፈ።