የቀብር ላይ ስም ጥሪ

እድራችን ሊፈርስ ነበር። በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሽማግሌ አባላችን አርፈው ጡሩምባው ሰፈሩን ሁለቴ ዞረ፤ ቀብር ላይ የተገኘነው ግን ስምንት ሰዎች ነን። የሚቀይረን ትከሻ ጠፍቶ ቃሬዛውን መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አወረድነው። አዋሳ ያኔ ሰው ሰውን የሚሸሽባት ከተማ ሆናለች። ሦስት ሆኖ መቆም ስብሰባ ነው፣ ማልቀስ ፖለቲካ ነው። ይህን አጥቼው አይደለም። ግን የእድሩ ጸሐፊ ነኝና የተናደድኩት በአባሎቻችን ነው። እንዴት ሰው ጎረቤቱን ሳይቀብር ይቀራል?

ሃያ ዓመት ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስም ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መድኃኒቱ ወዲያው ታየኝ። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ሐሳቤን አቀረብኩ። ከእንግዲህ ቀብር ላይ ስም ይጠራል። የመጣ ምልክት ይደረግለታል። ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል፤ ለተሰረዘ ደግሞ ድንኳን አይተከልም፣ ከቤቱ ሰው ሲሞት ቀባሪ አይወጣም። የእድሩ ዳኛ አቶ ከበደ፣ “ይኼ ነገር አይከብድም?” ቢሉኝ፣ “የሚከብደውስ ስምንት ሰው ብቻ ሆኖ ሬሳ መሸከም ነው” አልኳቸው። ጉባኤው ሳቀና አጸደቀ። በሦስት ወር ውስጥ ቀብራችን ላይ ስልሳም ሰባም ሰው መቆም ጀመረ። የሌላ እድር ጸሐፊዎች ምስጢሩን ሊጠይቁኝ ይመጡ ነበር። ምን ልዋሽ፣ ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

ሙሴ ጎረቤቴ ነው። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ አሳ ያጠምዳል። ጀልባ ላይ የዋለ ሰው ጡሩምባ አይሰማምና ሁለት ቀብር አምልጦታል። ሚስቱ አባይነሽ የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ከጓሮ እስከ ደጅ ለመድረስ ሁለቴ ትቀመጣለች። አንድ ቀን አጥሩን ተደግፎ፣ “ጋሼ፣ ለራሴ ብዬ አይደለም። እሷ ዛሬ ነገ የምትባል ሆናለች። ብሰረዝ ማን ይቀብርልኛል?” አለኝ።

“አይዞህ፣ ሦስተኛውን አትቅር እንጂ” አልኩት።

የካቲት ላይ የወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ልጅ ሮማን ተገደለች። የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ የአናርኪስት ወረቀት ጽፋለች ብለው ነው። ሬሳዋ ለእናቷ ሲሰጥ ቀበሌው፣ “ጡሩምባ የለም፣ ለቅሶ የለም፣ ቶሎ ቅበሩ” አለ። ወሬው ከበር በር በሹክሹክታ ሄደ። ከዘጠና አራት አባላት ሠላሳው መጣ። እናትየዋ ድምፅ እንዳያመልጣት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ቆማለች።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ አቶ ከበደ ጠጋ ብለው፣ “የዛሬውን ስም አትጥራ” አሉኝ።

“ዛሬ ካልጠራሁ መቼ ልጠራ ነው? ደፍሮ የመጣውና ፈርቶ የቀረው እኩል ይሁኑ?”

እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከልቤ ነው። ለመጡት ክብር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። መዝገቡን ከኮቴ ሥር አውጥቼ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠራሁ። ሙሴ ጋ ስደርስ መልስ የለም። ደግሜ ጠራሁ፣ የለም። የአባይነሽ መልክ ፊቴ ላይ መጣብኝና ምልክቱን አደረግኩለት። ሠላሳ የነበረው ሠላሳ አንድ ሆነ።

ከሐይቅ ሲመለስ ነገርኩት። “ጌታ ይባርክዎት” አለኝ፤ በማግስቱ ሁለት ትልልቅ የቆሮሶ አሳ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ አመጣልኝ። ጠብሼ በላሁ።

በአራተኛው ቀን ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ቤቴ መጡ። የፈለጉት መዝገቡን ነው። አራት ቀን ሙሉ መደበቅም ማቃጠልም አልታሰበኝም ነበር፤ ከሳጥኑ አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ምልክት ያለበት ሁሉ ስሙ እየተጠራ የቀበሌው እስር ቤት ገባ። ሴቶቹንና ሽማግሌዎቹን ውስጥ እግራችንን ገርፈው በሳምንቱ ለቀቁን። ሰባት ጎልማሶች ቀሩ። አንዱ ሙሴ ነው። ሐይቅ ላይ ነበርኩ ቢል ማን ሊሰማው፣ መዝገቡ መጥቷል ይላል።

አባይነሽ በዚያች ልቧ እየተቀመጠች እየተነሣች መጣች። እኔም እግሬ አብጦ ተኝቻለሁ።

“ጋሼ፣ ባሌ እዚያ አልነበረም።”

“አልነበረም።”

“ምልክቱን ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ሄደው ይንገሩልኝ። ሌላ ምን እላለሁ?”

በከዘራ እየተደገፍኩ ቀበሌ ሄድኩ። ካድሬው የልጄ እኩያ ነው፤ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የሙሴን ስም አሳየሁትና ሰውዬው እንዳልመጣ፣ እንዳይሰረዝ አዝኜለት ምልክት እንዳደረግኩለት ነገርኩት። ፊቱ በራ።

“ስለዚህ ይኼ መዝገብ ሐሰት ነው?”

“እሱ ላይ ብቻ ነው፣ ጓድ።”

“ላልመጣ ‘መጣ’ ብለህ ከጻፍክ፣ የመጣውንም ‘አልመጣም’ ብለህ ደብቀሃል ማለት ነዋ።” ምልክት የሌላቸውን ስሞች በጣቱ ቆጠረ። “ስልሳ ሦስት። እነዚህንም ጠርቼ አንድ በአንድ መጠየቅ አለብኝ። ወይስ መዝገቡ ትክክል ነው? ምረጥ።”

ጣቱ የአቶ ከበደ ሁለት ወንዶች ልጆች ስም ላይ ነበር። ከሥራቸው አንዲት እርጉዝ አለች፤ ከሷ በታች የራሴ ወንድም። ፈርቼም ነበር፤ እግሬ ያን ክፍል ያውቀዋል። ለስልሳ ሦስቱ ብዬ ነው ወይስ ለእግሬ፣ ይኸው እስከዛሬ አልለየሁትም።

“ትክክል ነው” አልኩ። “እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። መጥቷል።”

“ጻፈውና ፈርምበት።”

በዚያ ሁሉም ሰው በሚያደንቀው የእጅ ጽሕፈቴ፣ ሙሴ የሮማን ቀብር ላይ መገኘቱን በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ለአባይነሽ፣ “ነግሬያቸዋለሁ፣ አልሰማ አሉኝ” አልኳት። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል እያየሁ አልከለከልኳትም። ይኼን ሳስበው አሁንም እዚያው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ።

ሰባቱን መጋቢት ላይ ገደሏቸው። ሬሳ አልተሰጠም። አባይነሽ የባሏን ልብስ ልትለምን ቀበሌ ስትሄድ፣ ካድሬው “ምን ያስለቅስሻል?” ብሎ ወረቀቴን አነበበላት።

ከቀበሌው በቀጥታ ወደኔ መጣች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። በሬ ላይ ቆማ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

“እኔ ስሞት” አለች፣ “ከቀብሬ እንዳይቆሙ።”

በእድር አገር ከዚህ የከፋ ቃል የለም። ጠላቱንም ሰው ይቀብራል።

ሁለት ዓመት ቆየች። ጡሩምባው አንድ ማክሰኞ ጠዋት በደጃችን አለፈ። ጋቢዬን ለብሼ እስከ በሩ ሄድኩ። ሰፈሩ በሙሉ፣ አቶ ከበደም ከነልጆቻቸው፣ ተሸክመዋት በአጥሬ ሥር አለፉ። ስንት ሰው እንደነበረ አልቆጠርኩም። በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።