የዐፊፋ ቆሽት

ዐወድ አሶሳ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። የአምስት ዓመት ልጁ ዐፊፋ የስኳር በሽታ እንዳለባት ከታወቀ ሦስት ወሩ ነው። መጀመሪያ በቀን ዐሥር ዩኒት ኢንሱሊን ይወጋት ነበር። ከዚያ ስኳሯ እየወረደ፣ መጠኑም እየተቀነሰ ሁለት ዩኒት ብቻ ቀረ። ሰውነቷ ተመለሰ፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ማንጎ ዛፍ ሥር ስትሯሯጥ መዋል ጀመረች።

ዐወድ ጤና ጣቢያ ለክትትል ሲወስዳት ነርሷን የዝናሽን፣ "ሲስተር፣ አልሐምዱሊላህ ልጄ ዳነች! መርፌው ይቅር?" ሲል ጠየቃት።

"አልዳነችም፣ ወንድሜ። መርፌው ሲያግዘው ኢንሱሊን የሚያመነጨው ቆሽቷ ፋታ አገኘና በቀረችው አቅም እየሠራ ነው። ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ ግን ይደክማል። መርፌውን እንዳታቋርጥ።"

 አባቷ ጭን ላይ የተቀመጠችው ዐፊፋ ሆዷን በሁለት እጇ ዳበሰችና ቆሽቷን፣ "አይዞህ፣ በርታ" አለችው። የዝናሽ ሳቀች፤ ዐወድም ሳይወድ ሳቀ።

ቆሽቷ ሰባት ወር በረታ። ክረምቱ ሲገባ ግን ስኳሯ ሽቅብ ወጣ፤ መርፌውም ወደ ስምንት ዩኒት ከፍ አለ። ዐወድ አንድ ጠዋት መርፌውን እያዘጋጀ ይህን ነገራት። ዐፊፋ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችለትና፣ "አባ፣ ቆሽቴ ብዙ ሠርቷል እኮ፤ አሁን ይረፍ" አለችው።

ዐወድ ግንባሯን ስሞ ወጋት፤ ከዚያም አብረው ለቁርስ ቀረቡ።