ውሃ የጠገበች ታንኳ

ሐይቁን በታንኳ ለመዞር አንድ ቀን ይበቃል። እኔ ሁለት ሌሊት አድሬበት ገና ግማሹን አልጨረስኩም ነበር። ጠላቴ ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር፤ ወዳጄ ሐሰንማ ገና ሳልነሳ ስቆብኛል።

ታንኳዋ የሱ ናት። ዓሣ የሚያወጣባት፣ ከደንገል የታሰረች፣ አንድ ሰው ከነስንቁ የምትችል። ሊሰጠኝ መጥቶ አፍንጫዋን ይዞ አልለቅም አለ።

«ቄሴ፣ ይስሙኝ። ይቺ ደንገል ናት፤ ውሃ ትጠጣለች። ማታ ማታ ጎትተው ያውጧት፣ ጠዋት ደግሞ ፀሐይ እስኪመታት ይጠብቁ። ካላረፈች ትሰጥማለች። አንቱ ደግሞ መቀመጥ አይሆንልዎትም።»

«አይሆንልህም ያለኝ ማን ነው?» አልኩት፣ ስንቄን አሥሬ እየፈታሁ መልሼ እያሰርኩ።

«ወላሂ፣ ቁጭ ብለው ያየሁዎት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን እግርዎ ይወዛወዛል።»

እውነቱን ነው። እግሬ አያርፍም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። የማርፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው። መቅደስ ገብቼ፣ ልብሰ ተክህኖዬን ለብሼ፣ መጋረጃው ከኋላዬ ሲጋረድ የእግሬ ጣት እንኳ አትንቀሳቀስም። ያችን ሰዓት የምወዳትን ያህል በዓለም ላይ የምወደው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሚስቴ መንበረ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በወሊድ ነው የሞተችው፤ ልጁም አልተረፈም። ቄስ ሚስቱ ስትሞትበት ምን እንደሚጠብቀው አገሩ ሁሉ ያውቃል። የደብራችን አለቃ፣ አለቃ ገብረ ክርስቶስ፣ ሁለት ዓመት ታግሠውኝ በዘጠና ስድስት መስቀል ሲያልፍ ጠሩኝ።

«ልጄ ዝናቡ፣ ሕጉን እኔ አልነግርህም። ወይ መንኩሰህ ትቀድሳለህ፣ ወይ ሌላ አግብተህ ክህነቱን ትተዋለህ። ተንጠልጥሎ የሚኖር ቄስ የለም። እስጢፋኖስ ገዳም ሂድና ቆብህን ጭነህ ና።»

እሺ ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። በእግር ብሄድ ገዳሙ ቅርብ ነው። እኔ ግን በሐይቁ ዞሬ፣ ብቻዬን ጸልዬ፣ ከዚያ እገባለሁ አልኳቸው። ማዶ ዳር ላይ የአቶ አስረስ ቤት እንዳለ አልነገርኳቸውም።

አቶ አስረስ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ስህን ባሏ ባድመ ዘምቶ ስለቀረባት ተመልሳ ከሳቸው ጋር ትኖራለች። ባለፈው ዓመት ቤታቸውን ጸበል ልረጭ ሄጄ እንደ ልማዴ ከጓዳ ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ ስል፣ «ቄሴ፣ እየረጩ ነው ወይስ እየሮጡ?» አለችኝ። መንበረ ከሞተች ወዲህ ፊቴ ላይ የቀለደ ሰው አልነበረም። ሳቅሁ። ሳቄን ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የአስረስን ቤት ሳልጠራም እየሄድኩ ደጋግሜ ረጨሁት። ሰይጣን ቢኖርበት ኖሮ በብርድ ይሞት ነበር። ከስህን ጋር ግን ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። እሷ ትቀልዳለች፣ እኔ እስቃለሁ፣ መስቀል ተሳልማ ትገባለች። ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብዬ ስቀዝፍ ዋልኩ። ሲመሽ ታንኳዋን ጎትቼ፣ ሾላ ሥር ሸራዬን ወጥሬ፣ በሶዬን በጥብጬ ጠጣሁ። ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። ከንፈሬ ይጸልያል፣ ልቤ ማዶ ነው። ስጨርስ ሳላውቀው አምባሰልን በአፍንጫዬ እያንጎራጎርኩ ራሴን ያዝኩት። ቄስ ሲያንጎራጉር የሰማው ዳር ላይ ያደረ የውሃ ወፍ፣ ይብራ፣ ብቻ ነው፤ እሱም ደንግጦ በረረ።

ጠዋት ፀሐይዋ ተራራውን ሳትሻገር ታንኳዋን ወደ ውሃው መለስኳት። እጄን ሆዷ ላይ ሳደርገው ውሃው ገና ይንጠባጠብ ነበር። ሐሰን ያለኝን አልረሳሁትም፤ መቀመጥ ግን አልቻልኩም።

ወደ ገዳሙ ተጠጋሁ። ዛፎቹ ታዩኝ፣ ደወሉ ተሰማኝ። አንድ ጊዜ ከመንበረ ጋር ልንሳለም መጥተን ነበር። ሴት አይገባምና እሷ ከውጭ ዛፍ ሥር ቀረች፤ እኔ ገብቼ ቆየሁባት። ስመለስ እንቅልፍ ወስዷት፣ ጉንዳን ነጠላዋ ላይ እየሄደ አገኘኋት። ለምን ቶሎ እንዳልወጣሁ እንጃ። ያን ሳስታውስ ታንኳዋን አዞርኩ።

ወደ አስረስ ዳር ቀዘፍኩ። የግቢያቸው ባሕር ዛፍ ሲታየኝ ደግሞ ፈራሁ። ምን ልላት ነው? የሳቀችልኝ ሴት ሁሉ ታገባኛለች ያለኝ ማን ነው? እዚያም ሳልደርስ አዞርኩ። ሁለተኛውን ሌሊት እንዲሁ ሜዳ ላይ ስገላበጥ አድሬ፣ ሊነጋጋ ሲል አሁንም ታንኳዋን ሳላደርቃት ተነሳሁ።

ረፋድ ላይ ሐይቁ መሐል ስደርስ ሐሰን ያለው ደረሰ። ታንኳዋ ከበደች። መቅዘፊያው ይገፋል፣ እሷ አትሄድም። ውሃው በደንገሉ መሐል እየሰረገ መቀመጫዬን አለፈ፣ ስንቄን ነካው፤ በሶዬ ጭቃ ሆነ። ቀና ብዬ አየሁ። በአንድ በኩል ገዳሙ፣ በሌላው የአስረስ ባሕር ዛፍ። ርቀታቸው እኩል ነው። አንዱ ጋ ልደርስ እችላለሁ፤ እንደ ሁለቱ ቀን ስመላለስ ከዋልኩ ግን እሰጥማለሁ።

እዚያች ውሃ ላይ የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም። በሐሰን፣ በአለቃ፣ በሕጉ፣ በሞተችው በመንበረ ሳይቀር። ገዳሙ ብገባ መቅደሴ አይቀርብኝም። ያቺ የማርፍባት ሰዓት እስክሞት የኔ ናት። ወደ አስረስ ብሄድና ስህን ባትፈልገኝ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኜ መቅረቴ ነው። ይህን ሁሉ እያሰብኩ እጄ ግን የታንኳዋን አፍንጫ ወደ ባሕር ዛፉ መልሶት ነበር።

አቶ አስረስ ዳር ላይ በሬዎቻቸውን እያጠጡ፣ ስህን ልብስ እያጠበች ነበር። ወገቤ ድረስ ርሼ ሲያዩኝ ሮጡ። ሦስታችንም ታንኳዋን ጎተትናት፤ ሬሳ ታክላለች። አቶ አስረስ መስቀሌን ተሳልመው እጄን ያዙ።

«እግዜር ነው ያመጣዎት ቄሴ። የነፍስ አባታችን አባ በዕውቀቱ በነሐሴ ማረፋቸውን ሰምተዋል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ንስሐ አባት ሳይኖረኝ ብሞትሳ? እኔንም ልጄንም ዛሬውኑ ይቀበሉን። የነፍስ አባታችን ይሁኑ።»

ለቄስ ከዚህ የቀለለ ጥያቄ የለም። «እሺ» ማለት ነው። ቤተሰብ ሲጠይቅ እንቢ የሚል ቄስ አላየሁም፤ እኔም እንቢ ብዬ አላውቅም። እሺ ካልኩ ግን ስህን የንስሐ ልጄ ናት። አባት ልጁን አያገባም። ክህነቴን ትቼ እንኳ ብመጣ ያ በር አይከፈትም።

ስህን ቀና አላለችም። የያዘችውን ልብስ ትጨምቃለች፤ ውሃው አልቆ እንኳ ትጨምቃለች።

እግሬ ቆመ። እንደ መቅደስ ውስጥ፣ ጣቴ ሳይቀር ቆመ።

«አቶ አስረስ፣ አልችልም» አልኩ።

«ምነው? ምን አጠፋን?»

«እናንተ ምንም አላጠፋችሁም። የስህን አባት መሆን አልፈልግም።»

አቶ አስረስ እኔን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ስህን ልብሱን አስቀመጠች።

«እሺ ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር» አለች።

አባትዬው ታንኳዋ ላይ ተቀመጡ፤ ከሥራቸው ውሃው እየተጨመቀ ወጣ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ ይህን መስቀል ምን ሊያደርጉት ነው?» አሉኝ።

«እመልሰዋለሁ» አልኩ። በፊታቸው አለቀስኩ።

ደብሩ ስመለስ አለቃ ገብረ ክርስቶስ መስቀሉን ከእጄ ተቀብለው ሳሙት። እሁድ ከወንዶቹ ጋር ከኋላ ቆምኩ። አጠገቤ ያሉት ትንሽ ፈቀቅ አሉልኝ። ቅዳሴው ደርሶ መጋረጃው ሲጋረድ፣ ዲያቆን ከሆንኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ በኩል ቀረሁ። እግሬ መወዛወዝ ጀመረ። እንዲያርፍልኝ ብዬ ወደ ሴቶቹ በኩል ዞር አልኩ። ከማዶ መጥታ የቆመችው ስህን ግን እኔን አላየችኝም፤ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሸፍና፣ መጋረጃውን እያየች ታለቅስ ነበር።