የአባቷ ሌላ አንደበት

«ከበሩ ራቁ! ወደ ግድግዳው ተጠጉ!»

ድስት የተሸከሙት ሴቶች ባሉበት ቀጥ አሉ። ከዚያ እርስ በርስ እንኳ ሳይተያዩ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ። ትእዛዙን የሰጠችው የሴንያ ራሷ ደነገጠች። «እባካችሁ፣ በዚህ በኩል እለፉ» ልትላቸው ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ለፖሊሶች ከሚሰጠው የስፓኒሽ ኮርስ የለመደችው ነው።

አክስቷ ኦፌልያ እጇን እየጠረገች ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«እናንተ ደግሞ ምን ትገተራላችሁ? ግቡ እንጂ! ልጅቱ ሥራ ላይ ያለች መስሏት ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። አንደኛዋ ድስቷን አስቀምጣ የየሴንያን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ነገር ነገረቻት፤ እያለቀሰችም ነበር። የሴንያ ራሷን ነቀነቀች። ከነገሩ ሁሉ የገባት «አባትሽ» የሚለው ብቻ ነው።

አባቷ ዶን ኤቫሪስቶ ከተቀበረ ወዲህ ቤቱ በየምሽቱ ይሞላል። አስከሬኑ አድሮበት በነበረው የሳሎን ወለል ላይ በኖራ መስቀል ተሠርቷል፤ ሰዉ ዙሪያውን ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይደግማል፣ ከዚያ ቀረፋ የገባበት ቡና እየጠጣ ያወራል። በዘጠነኛው ምሽት ኖራው ተሰብስቦ ወደ መቃብሩ ይሄዳል። ከመሰብሰቡ በፊት ግን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ተነሥቶ ሟቹን ያሰናብታል፣ ሐዘንተኛውንም ያመሰግናል። የሴንያ ቀኑን ሙሉ የምታስበው ይህንኑ ነበር። እናቷ ቀደም ብላ ሞታለች፣ ወንድም እህት የላትም። ሌላ ማን አለው?

«ማሪቤል ትናገረዋለች» አለቻት ኦፌልያ በእንግሊዝኛ፣ ድንች እየላጠች። ማሪቤል የአጎቷ ልጅ ናት፤ አጠገባቸው ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«አክስቴ፣ አባቴ እኮ ነው።»

«አባትሽ መሆኑን ማን ካደ? ግን የኔ ልጅ፣ ሰዉ የመጣው ለቅሶ ነው። አንቺ ስትናገሪ መንጃ ፈቃዱን መፈለግ ይጀምራል።»

«መካከለኛ ደረጃ ደርሻለሁ።»

«መካከለኛው እንዲህ ከሆነ ከፍተኛው ሊያስረን ነው» አለች ማሪቤል። ሽንኩርቱ ላይ አጎንብሳ ትስቃለች።

የሴንያ አልሳቀችም። «እኔ ነኝ የምናገረው» ብላ ወጣች።

ንዴቷ የዛሬ አይደለም። በፖሊስ ጣቢያው የስፓኒሽ ኮርሱ ሲጀመር ሳጅን ሆልት «አንቺ ምን ልትሠሪ መጣሽ? ማስተማር ያለብሽ አንቺ ነሽ» ብሏት ክፍሉ በሙሉ ስቆ ነበር። መንገድ ላይ ደግሞ ችግር የገጠመው የያኪማ ሸለቆ ስፓኒሽ ተናጋሪ ሁሉ መልኳን አይቶ ወደ እሷ ይሮጣል። እጅጌዋን ይዞ የሆዱን ያፈስላታል። እሷ «ቀስ ይበሉ፤ ስምዎ ማን ነው? አድራሻዎ የት ነው?» ስትል ፊቱ ይጨልማል፤ የተጭበረበረ ዕቃ የተቀበለ ይመስል። በዚህ ጊዜ ፀጉረ ወርቃማው ባልደረባዋ ጣልቃ ገብቶ፣ ትምህርት ቤት በተማረው ስፓኒሽ፣ ነገሩን ይጨርሰዋል።

አባቷ በቤት ውስጥ ዝምተኛ ሰው ነበር። ትምህርት የጀመረች ጊዜ መምህርቷ አስጠርታ «ልጅቱ ወደኋላ እንዳትቀር ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ አናግሯት» አለችው። እሱ እንደ ሕግ ተቀበለው። ቀኑን ሙሉ ፖም ሲለቅም ውሎ ይመጣና ባሉት ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ያሳድጋታል፦ ብዪ። ተጠንቀቂ። ጎበዝ። ቃላቱ ሲያልቁበት ራሷን ይዳብሳታል። እሷም አባቴ ወሬ አይወድም ብላ አደገች።

አሁን ሐዘንተኛው ስለ እሱ ሲያወራ ሳሎኑ በሳቅ ይናጋል። አንዱ እሱ ያለውን ይደግማል፣ ሌላው አረማመዱን ያሳያል፣ አሮጊቶች እንባቸውን እየጠረጉ ይስቃሉ። በገዛ አባቷ ቤት የማትስቀው እሷ ብቻ ናት። የማንን አባት ነው የሚያወሩት?

ይህን የሚያወሩትን ሰው ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፣ ለኮርሱ ፈተና ስትዘጋጅ። «ሹፌር ሁንልኝ፣ እኔ አስቆምሃለሁ» አለችው። አባቷ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ፣ የድስት ክዳን አንሥቶ መሪ አደረገና ሞተር በአፉ አስነሣ። ሲሰክር መሬት እንደምትከዳው ሰው ወንበሩ ላይ ይወዛወዛል፤ ጥያቄ ስትጠይቀው በስፓኒሽ ያዥጎደጉደዋል። እንዲህ ሲናገር ሰምታው አታውቅም ነበር። ደስ ከማለት ይልቅ አናደዳት፤ ፈተናው ደርሷል፣ እሱ ይቀልዳል።

«ከዚህ በፊት ታስረው ያውቃሉ?» ብላ ከመጽሐፉ አነበበች።

አባቷ ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ቀልዱን ተወና ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ፤ ረጅም ነገር። «በረዶ» አለ፣ «እናትሽ» አለ፣ እንደገና «በረዶ» አለ።

«አባዬ፣ አዎ ወይም የለም በል። መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው።»

ጥቂት አያት። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ በእንግሊዝኛ፣ «የለም» አለ። እሷም ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

በዘጠነኛው ምሽት ጸሎቱ እንዳለቀ ማሪቤል ጉሮሮዋን ስትጠርግ የሴንያ ቀድማት ተነሣች። በቃሏ የያዘችው ነበር፤ ደጋግማ አጥንታዋለች። ሰዉ ሁሉ አያት፣ እግሯም ሳትወድ የጥበቃ አቋቋሙን ያዘ።

«ሁላችሁም ትኩረት!»

አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቡና የያዙት ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«የዚህ ቤት ባለቤት ሞቷል። እኔ ልጁ ነኝ። ለትብብራችሁ አመሰግናለሁ። አሁን . . .»

የቀረው ከአእምሮዋ ጠፋ። አባቴን ሸኙልኝ የሚለውን ፈለገችው፣ አጣችው። ብትቆፍር ከኮርሱ በቀር የሚወጣ የለም።

«አሁን መበተን ትችላላችሁ።»

ከወደ ጥግ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ሳሎኑ በሙሉ። ኦፌልያ አፏን በመሐረቧ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ማሪቤል ቃሉን እስክትቀበል የሴንያ አልጠበቀችም። በጓሮ በር ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷ እንደ እሳት ይፋጃል።

በሩ ተከፈተ። ከአባቷ ጋር ዕድሜ ልክ ፖም የለቀሙት ዶን ፋውስቲኖ በአንድ እጃቸው በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ታማሌ የሞላ ሳህን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ተንቋቋ። አንድ ነገር ተናገሩና ብቻቸውን ሳቁ።

ራሷን ልትነቀንቅ ነበር፤ እስከ ዛሬ ለሁሉም እንደነቀነቀችው። አንገቷ ግን እምቢ አላት።

«አልገባኝም» አለች በስፓኒሽ። «ይድገሙልኝ። ቀስ ብለው።»

ሽማግሌው ቅር አላላቸውም። «ኤቫሪስቶ ይህንን ቢሰማ . . . ዓመቱን ሙሉ . . . ያወራው ነበር አልኩሽ።»

ገባት። እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ አልጠረገችውም።

«ዶን ፋውስቲኖ፣ አባቴ ታስሮ ያውቃል?»

«እንዴ! አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል። አልሰማሁትም።»

ሽማግሌው ወደ ጨለመው የፖም ማሳ አዩ። «እናትሽ አንቺን አርግዛ ፖም አማራት። ፖም! በዚያ በረዶ! ለቀማው አልቆ፣ ዛፉ ራቁቱን ቆሞ። ገባሽ?»

«‹አማራት› የሚለው አልገባኝም።»

ሆዳቸውን አሻሹ፣ ምራቃቸውን ዋጡ። የሴንያ ሳቀች። «ገባኝ።»

«የሰው ማሳ ገባ። ከበረዶው ሥር የቀረውን እየቆፈረ ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። ሲወጣ ፖሊስ ጠበቀው። ፖሊሱ የእኛን ቋንቋ አያውቅ፣ አባትሽ የእነሱን አያውቅ። እንዴት ያስረዳው? እንዲህ እያደረገ . . .»

የነፍሰ ጡር ሆድ በአየር ላይ ሊሠሩ አንድ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሌላኛው ሳህኑን እንደያዘ ነው፣ ታማሌው ወደ ዳር ተንሸራተተ።

በሁለት እጃቸው እንዲያሳዩዋት የሴንያ ሳህኑን ከእጃቸው ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።